የሕፃናትን ድድ ከምላጭ የጠበቁት ኦቦ ደበላ

የሰበታው የጥርስ ባለሙያ ኦቦ ደበላ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ለወራት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ቤተሰባቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና በእሳቸው እጅ የታከሙ ብዙ ልጆች በተገኙበት ተፈጽሟል። የሞት ዜና መጻፍ ሥራዬ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ልጄን ስላተረፉልኝ ነው።

ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሳይሰለቹ ያርሙ ነበር። «ዶክተሩ አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ጥርስ ነቃይ ነኝ» ይሉ ነበር። ልጅን አይዋሹም። አንዲት እናት «ያይሃል እንጂ አይነካህም» ስትል ከሰሙ፣ እነካዋለሁ፣ ትንሽም ያመዋል፣ ሲያመው እጁን ካነሳ አቆማለሁ ብለው ያስተካክሏታል። በእርግጥም ያቆማሉ። አንዲት የቡራዩ ልጅ ሰባት ጊዜ እጇን አነሳች፣ ሰባት ጊዜ አቆሙላት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሲያጉረመርም እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም። በስምንተኛው ልጅቷ ራሷ «በቃ ይንቀሉት፣ እጄን ደከመኝ» አለቻቸው።

ልጄ በስምንተኛ ወሩ ተቅማጥና ትኩሳት ያዘው። ጎረቤታችን ከንፈሩን ገልጣ ድዱ ላይ ነጭ እብጠት አሳየችንና ግግ ነው አለች። ግግ የሚሉት ገና ከድድ ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። የበሽታው ሁሉ ምንጭ እሱ ነው ተብሎ በምላጭ ወይም በተሳለ ሽቦ ተፈልፍሎ ይወጣል። ጎጂ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ዘግቤበታለሁ። ጎረቤታችን ግን አንድ ነገር ጨመረች፦ ግግ ያለበት ልጅ ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ ከተወጋ ይሞታል።

ባለቤቴ ትዕግስት አየችኝ። ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ማልቀስም ትቷል። የጻፍኩት ሁሉ በዚያች ሰዓት አልጠቀመኝም። ታቅፌ ግግ ወደምታወጣው ሴትዮ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ድዱ በተፈለፈለ በሁለተኛው ቀን ጉንጩ አበጠ፣ ጡት መያዝ አቃተው። ኦቦ ደበላ የጥርስ ሕክምና ክፍል ስንደርስ ማን እንዳደረገው አልጠየቁም። ከትዕግስት ፊት ለፊት ተቀምጠው ጉልበታቸውን ከጉልበቷ ገጠሙ። የልጁን እግር በእሷ፣ ጭንቅላቱን በራሳቸው ጭን ላይ አስተኙ። መብራቱን አስጠግተው ድዱን መረመሩ። የተሰበረ የጥርስ ቁራጭ ድዱ ውስጥ ቀርቷል፤ ዙሪያው መግል ቋጥሯል። አሁኑኑ መከፈት አለበት፣ ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ አሉን።

የማደንዘዣውን መርፌ ሲያነሱ ትዕግስት እጃቸውን ያዘች።

«ይሞትብኛል» አለች።

«መርፌው አይገድለውም፣ ልጄ። የሚገድለው ውስጡ የቀረው ነው» አሉ። እጇን ግን አላስለቀቋትም፤ ራሷ እስክትለቅ ጠበቁ። «ፍርሃት አይከለከልም። ምላጭ ግን አታስይዙት።»

እኔ ጭንቅላቱን እንድይዝ ነገሩኝ። ድዱን ከፍተው መግሉን አፈሰሱ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቁራጭ አወጡ። ልጁ በዚህ ሁሉ መሃል ድምፅ አላሰማም። በሥራዬ የመኪና አደጋም፣ ጎርፍ የወሰደው ቤትም አይቻለሁ። እንደዚያ ዝምታ ያስፈራኝ ግን የለም። ኦቦ ደበላም ፈርተው ነበር፤ ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር። ቁስሉን በጨርቅ ተጭነው ሲይዙት ልጁ በቀጭኑ አለቀሰ። «ሆ፣ ይኸው ሰደበኝ» አሉ። ሪፈር ጻፉልን፣ መንገድ ድረስ ወጥተው ሚኒባስ አስቆሙልን፣ ረዳቱንም አለም ገና ላይ ሰው ለመጫን እንዳትቆሙ ብለው በኦሮምኛ አስጠነቀቁት።

ሆስፒታል በቆየንባቸው ቀናት በየጠዋቱ ይደውሉ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ጠባ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት ቀን አልጠባም አልኳቸው። በሦስተኛው ጠባ ስላቸው ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

በኋላ ለምን እንዳልተቆጡን ጠየቅኋቸው። ልጅ ሳሉ ሱሉልታ አጠገብ ታናሽ እህታቸው ግግ ሲወጣላት ጭንቅላቷን እንዲይዙ የታዘዙት እሳቸው ነበሩ። ሳምንት አልቆየችም። «የያዝኳት እኔ ነበርኩ። ማንን ልቆጣ?» አሉኝ። የእኛን ልጅ ድድ የፈለፈለችው ሴትዮ ቤትም ሄዱ፤ ፖሊስ ይዘው ሳይሆን ብቻቸውን። በር ላይ «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ገቡ፣ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ሕፃን ይዘው የሚመጡትን ወደ እሳቸው መላክ ጀመረች። እሷም እንደ እኛ ፈሪ ናት አሉኝ።

ኦቦ ደበላ፣ ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ቀብርዎ ላይ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። ከቀብር ስንመለስ በክፍልዎ በር ላይ ከተጂ ከተማ የመጣች እናት አገኘን። ያዘለችው ሕፃን ያተኩሳል። በሩ ተቆልፎ ስታይ፣ በሰፈሯ ግግ የሚያወጣ ሰው እንዳለ፣ ተመልሳ እሱ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ልጄ አፉን ከፍቶ፣ ግግ በተፈለፈለበት በኩል ጥርስ ሳይበቅልበት የቀረውን ቦታ አሳያት። እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ልጁን የወሰድኩት እኔ መሆኔንም አልሸሸግኳትም። ሆስፒታሉን አመለከትኳት፣ አብሬ ልሂድ አልኳት። ባሌን ላማክር ብላ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ታክሲ ገባች። ታክሲው ወደ የት እንደታጠፈ አላየሁም። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ትዕግስትን እንደጠበቋት ራሷ እሺ እስክትል ይጠብቋት ነበር፤ እኔ ያን አላውቅበትም። ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደወልኩላት፣ አታነሳም። እርስዎ በሰላም ይረፉ። እኔ አራተኛውን ልደውል።