ለመፈረም ፈቃደኛ ያልሆነ

ያን ሰርኩላር የጻፈውን ሰው እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ። ባገኘው ብዕሩን አስውጠዋለሁ።

እኔ ስምንተኛ ላይ ያቋረጥኩ ነኝ። ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ ነው የመንገድ ሥራ ድርጅቱ የላስታን ካምፕ ፔሮል የሰጠኝ። ድርጅቱ ከሐረርጌ እስከ ጎንደር መንገድ ይቆፍራል፣ ቅጹ ግን አንድ ነው። አዲስ አበባ ለተቀመጠ አለቃ ቆላው ምኑ፣ ደጋው ምኑ! ሁሉም በአንድ ወረቀት ይታዘዛል።

የዚያን ወር የመጣችው ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ ሕዝቡ ከመሃይምነት ነፃ ስለወጣ ከእንግዲህ ፔሮል ላይ የጣት አሻራ ክልክል ነው። ሠራተኛው ሁሉ ይፈርም፤ የማይፈርም ሰው ደመወዙ ለዋናው መሥሪያ ቤት ተመላሽ ይሁን።

ነፃ ወጣ! ማን አወጣው? እኔ ነኛ!

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገነተ ማርያም አጠገብ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠርቶ፣ "ስማ ጓድ፣ አንድ ሰው ቢወድቅ የወደቅከው አንተ ነህ" አለኝ። ሲያርስ የዋለ ገበሬ ፊደል ገበታው ፊት ያንቀላፋል። ፈራሁ፣ ደግሞም ሰለቸኝ። ሁሉንም "አልፏል" ብዬ ሞልቼ ተገላገልኩ። ካለፉት አንዱ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ሀን ከለ አይለዩም፤ ምስክር ወረቀቱን ግን ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። በኋላ እኛው ካምፕ ለድልድዩ ድንጋይ ሊጠርቡ ተቀጠሩ።

የደመወዝ ቀን ከፋዩ ከደሴ በላንድሮቨር መጣ። ጫማው አቧራ የሚጠየፍ ዓይነት ሰው ነው። ሽማግሌው ተራቸው ሲደርስ እንደወትሮው አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሲሰዱ እጃቸውን ያዘው።

"ይፈርሙ።"

"በምን?"

"በብዕር ነዋ! ተምረው የለ እንዴ? ከወረዳው የተላከልን ያለፉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አሉ።"

"ኧረ ጌታው፣ የገብስ ዘር ልገዛ ነው። የቅዳሜው ገበያ ካመለጠኝ ዝናቡ ይቀድመኛል። በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ።"

"ላሊበላ ፔሮል ላይ የለም።"

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ በእኔ ምላስ ገበያ ለቋል፤ የካምፑን አለቃ እንኳ ፊት ለፊቱ አስቄበታለሁ። የዚያን ቀን የምትፈለገው አንዲት ቃል ነበረች፦ እሳቸው አልተማሩም፣ የዋሸሁ እኔ ነኝ። ይህን ያለ ሰው ግን አሻጥረኛ ተብሎ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። አቀርቅሬ የፔሮሉን ወረቀቶች መደርደር ያዝኩ።

"ለመሆኑ ማን ነው ያስተማረዎት?" አለ ከፋዩ።

ሽማግሌው አዩኝ። አንዴ ብቻ።

"ያስተማረኝስ ጎበዝ ልጅ ነው። የረሳሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ራስ ምን ይይዛል ብለው ነው፣ ጌታው?"

ሰልፈኛው ሳቀ። ከፋዩ አልሳቀም።

"እንግዲያው አልፈርምም ማለትዎ ነው" አለና ወደኔ ዞረ። "ጻፍ! ለመፈረም ፈቃደኛ ያልሆነ።"

ጻፍኩ። በዚያ ያምራል በተባለው ጽሕፈቴ፣ ካርቦን አስገብቼ፣ በሦስት ቅጂ ጻፍኩ። እጄ ይቆረጥና!

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩ። ያንን ሻካራ ጣታቸውን ገና ያልደረቀው ቀለም አጠገብ አሳረፉ።

"ምን አልክ እዚህ ላይ፣ ልጄ?"

"ለሚመጣው ወር ይተላለፋል ነው የሚለው፣ አባባ።"

"ተመስገን። እግዜር ይስጥህ" አሉኝና መዶሻቸውን አንስተው ወደ ድልድዩ ወረዱ።