ሞተሩን ትን ያለው ክረምት

ልጄ ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ ለመማሪያ የሚሆን አንድ አሮጌ ሞተር መጥቶልናል። ጎኑ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። መጥተህ ብታየው ደስ ይለኛል» አለችኝ። ከአዘዞ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሞተር ነክቶ አያውቅም ነበር።

ተማሪዎቹ ከበውት ቆመዋል። ገና ከበሩ ላይ ሆኜ አወቅሁት፤ የሄሊኮፕተር ሞተር ነው። አየር በሚስብበት አፉ ዙሪያ እንደ ጣት የቀጠኑ የብረት ቅጠሎች ተደርድረዋል። ቅጠሎቹን ሁሉ ባንድ ላይ የምታዞር ቀለበት አለች። በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ገፋኋት፤ ሁሉም እኩል ዞሩ። «ለምን እንደሚዞሩ አንተ ንገራቸው» አለች ሰናይት። ነገርኳቸው። አፌ ለተማሪዎቹ ሲያወራ ልቤ ግን ጃናሞራ ደርሶ ነበር።

ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ የሞተር ቴክኒሺያን ነበርኩ። አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ መዳፋቸው ሰፌድ የሚያህል፣ ቁጣቸው ግን ከምላሳቸው የማያልፍ ሰው ነበሩ። ክረምቱ መንገድ ለቆረጠባቸው ወረዳዎች መድኃኒትና የኩፍኝ ክትባት እናደርስ ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው፤ ደጋውን የማውቀው ከሩቅ ሰማያዊ ተራራ ሆኖ ነበር። ከአየር ላይ ሳየው ሌላ አገር ሆነብኝ። ጉም የሞላው ገደል፣ ከገደሉ አናት ላይ የተንጠለጠለ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ጥግ ጭስ የምታወጣ አንዲት ጎጆ።

ጃናሞራ ውስጥ፣ መካነ ብርሃን ልናርፍ ዝቅ ስንል የግራው ሞተር እንደ ጠመንጃ ጮኸ። ደገመ፤ ሠለሰ። የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ሲወጣ ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋና በቀኙ ብቻ የግጦሽ ሜዳ ላይ አሳረፈን። ላሞቹ ተበተኑ፣ ሰዉ ተሰበሰበ። እኔ የመሣሪያውን ሳጥን ይዤ ወረድኩ።

ጋሽ ደምሴ መሰላል ላይ ወጥተው ሽፋኑን ከፈቱና ቀለበቷን ያዟት። አልነቃነቅ አለቻቸው። «ና፣ እይ» አሉኝ። «ሞተር አየር ነው የሚውጠው። ቀስ ሲል ቅጠሎቹ ጠበብ ይላሉ፣ ሲፈጥን ይከፈታሉ። ፍጥነቱን እየለካ ‹ክፈት፣ ዝጋ› የሚላቸው መቆጣጠሪያው ነው። ትእዛዙን ሰምተው ካልዞሩለት፣ ሳያላምጥ እንደዋጠ ሰው ትን ይለዋል። አሁን የሆነውም ይኸው ነው።» የበጋው አቧራና የክረምቱ እርጥበት ተጋግዘው አንዳንዶቹን ቅጠሎች ከነመዞሪያቸው አጣብቀዋቸው ነበር።

ካፒቴኑ በሬዲዮ ቢጠይቅ፣ ጉሙ እስኪገለጥ ሌላ ሄሊኮፕተር አይመጣም ተባለ። ያን ቀን የመንደሩ ሰዎች የገብስ እንጀራና የባቄላ እሸት አብልተው አሳደሩን። የዚያን እሸት ጣዕም ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም፤ ምናልባት ከሞት ተርፎ የበላ ሰው ምላስ ሌላ ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ነጭ ጋውን ከጋቢ ሥር የለበሰች ወጣት ጭቃውን እየዘለለች መጣች። የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ነበረች፤ ስሟ ትርንጎ። ከኋላዋ አንዲት እናት ልጅ አዝላ፣ አንድ ሽማግሌም ምርኩዛቸውን ይዘው ይከተሏታል። የታዘለችው ማሬ ናት፤ ገና ወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ። ጉንጯ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ያበደ ውሻ ነክሷት ነበር።

«ቁስሉን በሳሙና አጥቤዋለሁ» አለች ትርንጎ ለካፒቴኑ። «መርፌው ግን ያለው ጎንደር ነው። የተነከሰችው ፊቷ ላይ ስለሆነ ጊዜ አይሰጥም። ወንዙ ሞልቷል፤ በበቅሎም አይሻገሩትም።»

ሽማግሌው የማሬ አያት ናቸው፤ አያ ፈንታ ይሏቸዋል። «እኔ ጠበል ትግባ ብዬ ነበር» አሉ።

«ጠበሉንም ትጠጣ፣ አያ ፈንታ፤ ማን ከለከለ? መርፌውንም የሰጠን እግዜር ነው።»

«ሸጋ ብለሻል። ምነው ታዲያ፣ ይኸ ማኪናስ ተሰብሮ የለም?»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ነክቶታል። «ተሰብሯል እንዴ?» አለችኝ።

«ታሟል እንጂ አልተሰበረም» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ሳቅ አየሁ፤ ወዲያው ጠፋ።

ሥራው ግን እንደ አፌ አልቀለለም። የተጣበቁትን መዞሪያዎች በላምባ አርሶ ማላቀቅ ነበረብን፤ የዘይት ማጠጫችን አፍንጫ ግን ወፍራም ሆኖ ስር አይገባም። ጋሽ ደምሴ ይራገማሉ፣ ዝናቡ ከላያችን በወጠርነው ሸራ ላይ ይወርዳል። ትርንጎ ከታች ሆና ስታየን ቆየችና «መርፌ አይሆናችሁም?» አለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ የብርጭቆ ስሪንጅ ከነወፍራም መርፌው አመጣች። ላምባውን በሱ ስበን በያንዳንዱ መዞሪያ ሥር ወጋነው። የጋሽ ደምሴ ጣት እዚያ ስለማይገባ ሥራው የእኔ ሆነ፤ ስሪንጁን እየሞላች ወደ ላይ የምታቀብለኝ እሷ ሆነች። በሽተኛ ሲመጣባት ትሄዳለች፣ ጨርሳ ትመለሳለች።

እንዲህ ሆነን ሁለት ቀን ዋልን። መጀመሪያ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። «እርስዎ የከተማ ሰው ነዎት፣ ብርዱን አልቻሉትም» ትለኛለች። የራሷን ጋቢ አውጥታ ሰጠችኝ። ማር የተለወሰ በሶ በቅል አምጥታ፣ እጄ ቆሻሻ ስለነበር አጎረሰችኝ። የጎንደርን ነገር ትጠይቀኛለች፤ ፒያሳ አሁንም ማታ ማታ ሰው ይበዛ እንደሆነ፣ ሲኒማው እንዳለ። ትምህርቷን የጨረሰችው እዚያ ነበር። «እኔ ከተማ እያለሁ ተራራው ይናፍቀኛል፣ ተራራው ላይ ሆኜ ከተማው» አለችኝ አንዴ። ማሬ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና ታየናለች። ዝም ስትል ሁላችንም እንፈራለን፤ ውሃ ስትጠይቅና ስትጠጣ ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። ውሃ የሚያስፈራቸው በሽታው ሲጀምር እንደሆነ የነገረችኝ በሹክሹክታ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀለበቷ እጄ ላይ እንደ ቅቤ ዞረች። የቀረው ልኩን ማስተካከል ነበር፤ ቀለበቷን የምትገፋ አጭር ዘንግ አለች፣ ርዝመቷ በብሎን ይስተካከላል። ቅጠሎቹ ቀድመው ቢከፈቱም ዘግይተው ቢከፈቱም ሞተሩ ትን ይለዋል። ልኩ የሚታወቀው ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ነው። ካፒቴኑ የነዳጁን ጠቋሚ አየና «ደጋግሜ ላስነሳላችሁ አልችልም፤ ለጎንደር የሚሆን ላይተርፈን ነው» አለ።

ሲነሳ መጀመሪያ ደህና ነበር። ፍጥነት ሲጨምር አንዴ ትን አለው። አያ ፈንታ ኮፍያቸውን አውልቀው ያማትባሉ። ሞተሩ ጠፋ። ጋሽ ደምሴ ብሎኗን በጣም ጥቂት አዞሩና ቁልፉን ሰጡኝ። «አንተ አጥብቀው፤ ያላቀቅኸው አንተ ነህ» አሉ። አጠበቅሁት። ካፒቴኑ ጠቋሚውን አይቶ እንደገና አስነሳ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየጠራ፣ ሳይቆራረጥ ወጣ። ያን ድምፅ ሰምቼ አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም መሰለኝ።

ጠዋት ጉሙ ተከፈተ። ካፒቴኑ ጭነት አራግፎ እናትና ልጅን አሳፈረ። «አንድ ሰው ይጨመራል፤ አንቺም ነይ» አላት ትርንጎን። እኔ ከወንበሩ ላይ መሣሪያውን አነሳሁላት። እሷ ወደ ጤና ጣቢያው ዞር ብላ አየች። በሩ ላይ ልጅ የታቀፉ እናቶች ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ኩፍኙ በመንደሩ ገብቶ ነበር።

«እኔ ከሄድኩ እነሱን ማን ያያቸዋል?» አለች። ከዚያ ጋቢዋን ልመልስላት ስል እጄን ያዘችኝ። «ያዘው፤ ላይ ላይ ይበርዳል። ለመስቀል አንተ ራስህ ታመጣዋለህ።»

«አንተ» ስትለኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። «አመጣዋለሁ» አልኳት።

መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ከሙቀቱ መርፌ ላይ አልነቀልኩም። ማሬ ፈርታ እጄን ይዛ ነበር። ጋሽ ደምሴ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። አዘዞ ስናርፍ አምቡላንስ ቆሞ ጠበቀን፤ ማሬ መርፌውን በዚያው ዕለት ጀመረች። ሆስፒታል ብርቱካን ይዤ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ክትባቱን ጨርሳ ዳነች። ሲመለሱ እናቷ «ለትርንጎ ምን ልበልልህ?» አለችኝ። «ለመስቀል እመጣለሁ በያት» አልኳት።

መስቀል ሳይደርስ ግን ለትምህርት ውጭ አገር ትሄዳለህ ተባልኩ። ፈቃድ ብጠይቅ አልተገኘም። ከዚያ ሆኜ ጻፍኩ፤ ደብዳቤዬ ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም። ዓመታት አልፈው ስመለስ ጋቢውን አሳጥቤ፣ ከደባርቅ በበቅሎ መካነ ብርሃን ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። «ትርንጎማ እንፍራንዝ ተዛወረች። እዚያው ትዳር ይዛለች» አለኝ። አያ ፈንታ ቤት አደርኩ። ማሬ ረዝማለች፤ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ፣ ስትስቅ ይጠፋል። ጋቢውን ለእሷ ሰጥቻት ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ ለሰናይት የነገርኳት ያን ዕለት፣ ከሞተሩ ክፍል ወጥተን ምሳ ስንበላ ነው። «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ታውቅ ነበር። ሳንጋባ ነግሬያት ነበር። ባህር ዳር ያሉትን ልጆቻችንን ለመጠየቅ ስንሄድ አውቶቡሱ እንፍራንዝ ሲቆም በክርኗ ጎሸም ታደርገኝና «ወርደህ አትጠይቃትም?» ትለኝ ነበር። እኔ «ዝም በይ» እላታለሁ፤ እሷ መስኮቱን ከፍታ የተጠበሰ በቆሎ ትገዛለች፤ እየበላን እንቀጥላለን። ሁልጊዜ። ወርጄም አላውቅም።

የሰናይት እናት ካረፈች ወዲህ በዚያ መንገድ ብቻዬን ነው የምሄደው። እንፍራንዝ ስንደርስ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ይሳፈራሉ፤ በቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ያንኳኳሉ። የሚጎሽመኝ የለም። ትርንጎ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ትናፍቀኛለች፣ አልዋሽም። ነገር ግን አውቶቡሱ ተነስቶ እንፍራንዝ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ዞር ብዬ የማየው መንገዱን አይደለም። ከጎኔ ያለውን ወንበር ነው።