በወይራ የታጠነ ጄሪካን

የምሠራው ሮቤ ላይ ነው። ቆሻሻ የሚጣልባቸውን፣ ቁርጥራጭ ብረትና ፕላስቲክ የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች እየዞርኩ እቆጣጠራለሁ። ሰው ሲያየኝ ፊቱን የሚያጠቁርበት ሥራ ነው፤ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም አጠቁር ነበር።

ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር የአንዲት አሮጊት ግቢ አለ። ቆራሌዎች የለቀሙትን ሁሉ ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ለይተው ይሸጣሉ። እናቴ የሞተች ጊዜ ከማንም ቀድመው ድንኳን የገቡት እሳቸው ናቸው፤ ሰልስት እስኪወጣ ካጠገቤ አልተነሱም። ስለዚህ የዚያ ግቢ ተራ ሲደርስ ልቤ ይከብደኛል።

ባለፈው መኸር ስሄድ አጥሩ ደህና ነው፤ ጠርሙሱ ለብቻ፣ አሮጌ ባትሪው ለብቻ ተቀምጧል። ደስ አለኝ። ከጓሮ ግን ጭስ አየሁ። ፕላስቲክ የሚያቃጥሉ መስሎኝ ተናድጄ ዞርኩ። አላቃጠሉም። የስንዴ አረም ማጥፊያ የነበረባቸውን ጄሪካኖች በአመድ አጥበው፣ እሳቱ እንዳያቀልጣቸው ከፍ አድርገው በወይራ ጭስ ያጥናሉ።

በኛ አገር የወተት ዕቃ የሚዘጋጀው እንዲህ ነው። ሳይታጠን ወተት የሚገባበት ዕቃ የለም፤ ጭስ ጭስ ካላለ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያምን ሰውም የለም። እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ያውም ከልባቸው። አንዱን አንስተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። እውነትም ከወይራው በቀር የሚሸት ነገር አልነበረውም። ከጎሮ ድረስ ለገበያ የሚመጡ ሴቶች የሳቸውን ጄሪካን መርጠው የሚወስዱት ለዚህ ነበር።

ሽታው ይሄዳል እንጂ መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል አልኳቸው። የኬሚካል ዕቃ ሁሉ ተበስቶ፣ ለብቻው ተቆልፎበት እንዲቀመጥ መመሪያው እንደሚያዝም ነገርኳቸው። የተበሳ ጄሪካን ማን ይገዛኛል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከብረቱ ይህን ያህል የሚተርፋቸው ነገር የለም፣ ቤቱ የቆመው በጄሪካኑ ነው። ግቢውን አሽጋለሁ ብዬ ላስፈራራቸው አንጀቴ አልቻለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እናቴ፣ ዛሬውኑ እንብሳቸው ብዬ ለመንኳቸው።

ከዚያ ወስፌ አምጥተው ፍሙ ላይ አጋሉና የመጀመሪያውን ራሳቸው በሱት። አብረን ስንበሳ ዋልን። ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ እፎይ ብዬ ነበር።

ወደ መጨረሻው ግን እጃቸው ቆመ።

«የወሰዱትስ?» አሉኝ።

ማን ማን እንደወሰደ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የገበያ ሰው እንዴት ይታወሳል? አንዱን ጄሪካን ግን አልረሱትም። ደጋግመው ያጠኑት፣ ጊኒር ላለችው ልጃቸው፣ ለትንሹ የልጅ ልጃቸው ወተት ይሁን ብለው የላኩት ነው። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። በኦሮምኛ ወተቱን ድፊው፣ ጄሪካኑንም ቅደጂው ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ማዳመጥ ብቻ ሆነ።

ስልኩን ዘጉና ወደኔ ዞሩ።

«ክረምቱን ሙሉ በሱ ነው የጠጣው። አንቺ የተማርሽ ነሽ ልጄ፣ በአላህ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልጁ ምን ይሆናል?»

መመሪያው ስለ መብሳት እንጂ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ነገ ሐኪም ይየው አልኳቸው። ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር፤ እሱንም ነገርኳቸው።