ብልባላ ላይ ከጨው ኋላ

ሥራዬ የኢንተርኔት ድርጅቶች መስመሮቻቸውን በሚያገናኙበት የጋራ ጣቢያ ነው። የትልቁ ድርጅት መልእክት የትንሹን ገፍቶ እንዳያልፍ እጠብቃለሁ። በየስብሰባው ስለዚህ ሳወራማ ማን ይችለኛል!

ክረምት መግቢያ ላይ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የኢንተርኔት ዕቃ በካርቶን ይዤ ብልባላ ገበያ ደረስኩ። እዚያ ከላሊበላም ከኩልመስክም የመጣው ሸክም ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይራገፍና፣ ተራውን ጠብቆ በአህያ ወደየመንደሩ ይጫናል። ተራ የሚያስከብሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስደርስ ቀድሞኝ የተራገፈ ጨው በጆንያ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

«አባቴ፣ የእኔን ያስቀድሙልኝ፤ የኢንተርኔት ዕቃ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ምን እንደያዝክ መች ጠየቅሁህ፣ ልጄ? ከጨው ኋላ መጣህ፤ ከጨው ኋላ ትጫናለህ።»

ብለምን፣ ብቆጣ ንቅንቅ አላሉም። አፍሬ ካርቶኔን ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ አስቀመጥኩ።

ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ሲጀምር ተራዬ ደረሰና ካርቶኔ በመጨረሻዋ አህያ ላይ ተጫነ። ዛፉ ሥር አንድ ጆንያ የገብስ ዘር ብቻ ቀረ።

«ይሄስ የማን ነው? ዝናብ ሊመታው እኮ ነው!» አልኩ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ጆንያውን እየሸፈኑ፣ «የእኔ ነው» አሉኝ። «ካንተ ኋላ ነው የመጣው።»