ቅቤ የተቀባው የሰርግ ሲዲ

ሚሊኒየሙን በተቀበልንበት ሰሞን በሆሳዕና ከተማ የሚያህለው የሌለ ጩኸታም ኮምፒውተር የነበረኝ ሰው እኔ ነበርኩ። ይኼ ማጋነን አይደለም፤ ማጋነን ስጀምር ራሳችሁ ትለዩታላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር ያስወገደውን ነበር የገዛነው፤ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከሁለት በግ ጋር አስረን አመጣነው። ሲከፈት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል። አንዲት የሰፈራችን ሴት በቆሎ ተሸክመው መጥተው «ተራው የማን ነው?» ብለው በራችን ላይ ቆመዋል።

ባለቤቴ ግን ትወደው ነበር። አንጋጫ የተወለደች ከምባታ ናት፤ እኔ ሀዲያ ነኝ፤ ቤታችን የሚተዳደረው በአማርኛ ነው። ስንጣላ እሷ ወደ ከምባትኛ ትሻገራለች፣ እኔ ወደ ሀዲይኛ፤ ስለዚህ በትዳር ዘመናችን ሁሉ አንድም ቀን ተደማምጠን ተጣልተን አናውቅም። አንደኛ ደረጃ ታስተምር ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ኮምፒውተሩን ታስተምራለች። ሲዲ የሚጽፈውን መሣሪያ ለብቻው ገዝታ፣ ጫፉ እንደ ብሎን መፍቻ በተሳለ ቢላዋ ራሷ ገጠመችው። እኔ ባትሪ አበራሁላት። ባትሪውን ያበራሁትም በደንብ ነው።

ያኔ ሲዲ «በርን» የሚያደርገው፣ ባዶ ሲዲ ላይ የሚገለብጠው ፕሮግራም ሁሉ ወይ «ክራክ» የሚባል ስርቆት ነበር ወይ የወር እንግዳ። ወሩ ሲሞላ «የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል» ብሎ መሃል መንገድ ላይ ይገትራችኋል። የከተማው ሰው መድኃኒቱን አግኝቶለታል፤ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መመለስ። እኛም ስንመልስ ስንመልስ ከዓለም ተለየን። ግድግዳችን ላይ ያለው ካላንደር ጥር ሲል ኮምፒውተሩ ገና ግንቦትን አልጨረሰም። የመጀመሪያ ልጃችን የልደት ፎቶ ከመወለዱ በፊት እንደተነሳ ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ኬክ ይዞ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ሀዋሳ ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ በፍላሽ አንድ ፕሮግራም ይዛ መጣች። መጠኑ ቁንጫ ያክላል። ያንን ሽማግሌ ኮምፒውተር እንኳ አላስነጠሰውም። ስም አይጠይቅ፣ ቁልፍ አይጠይቅ፣ ቀን አይቆጥር።

«የማን ክራክ ነው?» አልኳት።

«ክራክ አይደለም። ነጻ ነው።»

«እንዴት ነጻ?»

«ሰውየው ሠራው፣ ለቀቀው። በቃ።»

«ምን ፈልጎ?»

«አንተ ለሰው ሁሉ ቀልድ ስታወራ ምን ፈልገህ ነው?»

«እንዲስቁልኝ ነዋ።»

«እሱም እንዲሠራላቸው።»

ባለቤቴን ያገባኋት በመልኳ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ሌላም ነገር ኖሯል።

ይኼ ፕሮግራም የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ ሲዲውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፋይል ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ያንን ፋይል ባዶ ሲዲ ላይ ይጽፈዋል፤ መጨረሻ ላይ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ከፋይሉ ጋር ያመሳክራል። ያመሳከረው ካልተስማማው «ተሳስቻለሁ» ይላል። ያኔ በከተማችን «ተሳስቻለሁ» የሚል ሰው ራሱ ብርቅ ነበር፤ እንኳን ዕቃ።

አሁን ስለ ሰርግ ሲዲ ላጫውታችሁ። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ሰርጉ ላይ ያልተገኘ ሰው ቪዲዮውን የማየት ግዴታ አለበት። ማየት ብቻ አይደለም፤ መመስከርም አለበት። «አየሁት፤ ወንድምህ ሲዘል ጫማው ወልቆ ሚዜው ላይ አረፈ» ብሎ አንድ ነገር ካልጠቀሰ አየ አይባልም፤ ተቀያሚም አለ። ስለዚህ ሲዲው ይጓዛል። ከሆሳዕና ፎንቆ፣ ከፎንቆ ቦኖሻ፣ ከዚያ ዞሮ ጃጁራ። ሽፋን የለው፣ ቦርሳ የለው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከቃሪያ ጋር በአንድ ፌስታል፣ በአይሱዙ ጋቢና። ዴክ ያለው ቤት ሁሉ ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳያል። ከአይሱዙ ሾፌር የበለጠ አገር ያየ ሲዲ አውቃለሁ። ሲሄድ መስታወት የነበረው ሲመለስ ምጣድ የታሸበት ይመስላል።

የጃጁራዋ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ መጣች። ተቀምጣ፣ የሁላችንንም ጤና ጠይቃ፣ ከጓዟ ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አፌ ውኃ ሞላ። ከጃጁራ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር ቅቤ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ፈታችው። ሲዲ ነበር። ቅቤም ነበር።

«ታሟል» አለች።

«ምን ነክቶት?» አለች ባለቤቴ።

«ተጫጭሯል። እጅ ሲሰነጠቅ ምን ይደረጋል? ቀባሁት። በሁለቱም በኩል። ይጠጣው ብዬም ጠቅልዬ አሳደርኩት።»

ሙሽራዋ ራሷ ያን ያህል አልተቀባችም። «አክስቴ» አልኩ፣ «ይኼን የምናየው ነው ወይስ በቆጮ የምንበላው?»

«ዝም በል አንተ ቧልተኛ። የማወራው ከሙሽራዬ ጋር ነው።» ባለቤቴን ስንት ዓመት ከተጋባን በኋላም «ሙሽራዬ» ነበር የምትላት።

ከዚያ ነገሩን ነገረችን። ሲዲው የሴት ልጅዋ ሰርግ ነው። በሰርጉ ላይ የአክስቴ ባለቤት ተነስተው ሙሽሮቹን መረቁ። ሙሽሮቹን ጨርሰው ግን አልተቀመጡም፤ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለውን በኩር ልጃቸውን በስሙ ጠርተው እሱንም መረቁት። ይኼ ትንሽ ነገር አልነበረም። ልጁ የሄደው ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ «ከዚህ ደጃፍ ከወጣህ ልጄ አይደለህም» ተብሎ ነው። ከሰርጉ ቀጥሎ በመጣው ክረምት አባትየው አረፉ። ታዲያ አክስቴ በስልክ «አባትህ እኮ ሰው ፊት መርቆሃል» ባለችው ቁጥር ልጁ «እማዬ፣ እኔን ለማጽናናት ነው» ይላታል። አያምናትም። እህቱንም አያምናትም። «ተማክራችሁ ነው» ይላል።

ሰርጉን የቀረጸው ፎቶ ቤት ዋናውን ካጠፋው ቆይቷል። የቀረው ይኼ ቅቤ የጠጣ ሲዲ ብቻ ነው። ልጁ ወዳለበት አገር የሚሄድ የሰፈሯ ሰው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊሳፈር ተዘጋጅቷል።

«ዴኩ እዚያ ጋ ሲደርስ ይቆማል» አለች አክስቴ። «ባሌ ይነሳል፣ ጉሮሮውን ያጸዳል፣ አፉን ይከፍታል፣ ድርቅ ይላል። በየዘመዱ ቤት አፉን ከፍቶ ቀረ።»

የምቀልደው ፈልጌ አጣሁ። ይኼ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አልደረሰብኝም።

ባለቤቴ እጇን ታጠበች፤ ከዚያ ሲዲውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እንደ ሕፃን አጠበችው፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረገች አደረቀችው። የኮምፒውተሩ የሲዲ መሳቢያ ላይ አስቀምጣ አስገባችው። ኮምፒውተሩ አጓራ። አክስቴ ነጠላዋን አጠበቀች። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ወደ ቀኝ መራመድ ጀመረች፤ ተራመደች፣ ተራመደች፣ ቆመች። ፕሮግራሙ በጨዋ ደንብ ጠየቀ፦ ይኼን ቦታ ማንበብ አልቻልኩም፤ ልድገመው ወይስ ልዝለለው?

«ዝለይው» አልኩ። «ትንሽ ቦታ ናት።»

«ምኑን ነው የሚዘለው?» አለች አክስቴ።

«ማንበብ ያቃተውን ነው፣ እትዬ» አለች ባለቤቴ።

«የቱ ጋ ነው?»

ባለቤቴ ስክሪኑን አየች። «ወደ መጨረሻው ነው።»

«ባሌ ያለው እዚያ ነው። ማንም አይዘለውም!»

ባለቤቴ «ድገመው» የሚለውን ነካች። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋ እንደገና ነካች። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ቢሆን ተናድዶ ሲዲውን ፊታችን ላይ ይተፋው ነበር። ይኼኛው ግን አይሰለችም፣ አያጉረመርምም፤ «ድገመው» ካሉት ይደግመዋል። እኔ ይኼን ትዕግሥት ያየሁት በእሱና አንደኛ ክፍል በሚያስተምሩ ሰዎች ብቻ ነው። ቢሆንም መስመሯ ከቆመችበት አልነቃነቅ አለች።

ባለቤቴ ሲዲውን አውጥታ መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። አንድ ጠለቅ ያለ ጭረት ዳሩ አካባቢ ተጋድሞ ይታያል።

«ቅቤውን አጠባችሁበት» አለች አክስቴ ቅር ብሏት። «ታዲያ በምኑ ይናገር?»

እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። ባለቤቴ አልሳቀችም። ጭረቱን ትክ ብላ እያየች ቆየች።

«እትዬ፣ ያ ቅቤ አለ?»

«ለምን አይኖር? ቅጠሉ ላይ ነው።»

«አንቺም?» አልኳት። «ሁለታችሁም?»

«ጭረት ጉድጓድ አይደል?» አለች ወደ እኔ ሳትዞር። «የሚያነበው በብርሃን ነው። ብርሃኑ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚጠፋው። ጉድጓዱ ከሞላ ያልፍ ይሆናል። እትዬ የበዛባቸው መጠኑ ነው እንጂ…»

«ለባሌ ነው፤ እሰስታለሁ እንዴ?» አለች አክስቴ።

ባለቤቴ በጣቷ ጫፍ የምስር ፍሬ የምታክል ቅቤ ወስዳ ጭረቱን ብቻ አስዋጠችው፤ ከዚያ የተረፈውን ጠርጋ ጠርጋ የቀረው ማብረቅረቁ ብቻ ሆነ። አስገባችው። መስመሯ ተነሳች። የቆመችበት ቦታ ደረሰች። ዘገየች። ወፍጮው ድምፁን ቀየረ፤ ሽቅብ እንደሚወጣ አይሱዙ አቃሰተ። ከዚያ መስመሯ አለፈች! እኔ ብድግ ብዬ ባዶውን አየር ሳምኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ኮምፒውተር በጋለ ቁጥር ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ «ምን እየተሠራ ነው?» ብሎ ምሳ ይጠብቅ ነበር። ይኼ ማጋነን ነው። ግን ይሸት ነበር።

ባዶው ሲዲ ገብቶ መጻፍ ሲጀምር አክስቴ ጥያቄ አመጣች።

«ይኼን የሠራው ሰው የማን ልጅ ነው?»

«አናውቀውም እትዬ፤ ውጭ አገር ነው» አለች ባለቤቴ።

«እሱስ ያውቃችኋል?»

«አያውቀንም።»

«ለማያውቀው ሰው ነው የሰጠው?»

«ለማንም።»

አክስቴ ነገሩን ስታመላልሰው ቆየች። በመጨረሻ «ያሳደገችው እናት ትባረክ» አለች፤ ባለቤቴም እኔም አሜን አልን። እዚያ ማዶ፣ የት እንደሆነ እንጃ፣ አንዲት ሴት ምክንያቱን ሳታውቅ ደስ ብሏት ውላ ይሆናል።

ያኔ መብራት በፈረቃ ነው። በእኛ ሰፈር ተራ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ ሲዲ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ደግሞ ሲዲው የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ ማለት ነው። አክስቴ ይኼን እንደሰማች አዋጅ አወጣች፦ መራመድ የለም፣ ማሳል የለም፣ ውኃ ማፍላት የለም። መብራቱ በእኛ ሳል የሚሄድ ይመስል ሁላችንም ታዘዝን። መጻፉ ሲያልቅ እኔ ላወጣው እጄን ዘረጋሁ፤ ባለቤቴ እጄን መታችው።

«ጻፈ እንጂ ገና አላመሳከረም።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ በመብራት ሰዓት ያወጣው ነበር፤ እኔ ቀድሜ። እሷ ግን ያላመሳከረችው ሲዲ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም፤ የጎረቤት ምርቃት ይሁን የመዘምራን ልምምድ። ጠበቅን። «ተስማምቷል» አለ። ያኔ ብቻ አወጣችው፤ ወዲያውም ለቤታችን ሁለተኛ ኮፒ ጀመረች።

የመጀመሪያውን ዴኩ ላይ አስገባነው። የአክስቴ ባል ተነሱ። ጉሮሯቸውን አጸዱ። አፋቸውን ከፈቱ። ፊታቸው ለአንድ አፍታ እንደ ሸክላ ንጣፍ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተበታተነ፤ አክስቴ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ድምፁ ግን አልተቋረጠም። በሀዲይኛ፣ በዚያ በለሆሳስ በሚመስል አነጋገራቸው፣ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት። «የሄደውም ልጄ ነው። የተናገርኩትን እግዚአብሔር አይስማብኝ። በሄደበት ደጅ ይከፈትለት» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። የአክስቴ ከንፈር አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ለካ ቃል በቃል ታውቀዋለች።

ሲዲው በማግስቱ ከሰውየው ጋር ተሳፈረ። ጃጁራ ኔትወርክ አስቸጋሪ ስለነበር አክስቴ በየገበያው ቀን እኛ ቤት እየመጣች የባለቤቴን ሞባይል ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ጠራ። ባለቤቴ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችላት።

ልጁ ሰላምታውን ቶሎ ጨረሰ።

«እማዬ» አለ፣ «ያን ቀን አባዬ የለበሰው ቡናማ ኮት… የኔ ነው አይደል?»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ያንን ቪዲዮ ያላየ ዘመድ የለም፤ በፎንቆ፣ በቦኖሻ፣ የወለቀውን ጫማ ሁሉም መስክሯል፤ ኮቱን ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

«ያንተ ነው» አለች አክስቴ። «ጥለኸው የሄድከው።»

«እጅጌው አጥሮበታል።»

«አጠረበት እንጂ። አዲስ ተገዝቶለት ነበር፤ እምቢ አለ። እሱን ካልለበስኩ ሰርጉ ላይ አልቆምም አለ።»

«ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኮት ነዋ ልጄ! ኮት በስልክ ይነገራል?»

ልጁ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ባለቤቴ ድምፅ ማጉያውን አጥፍታ ስልኩን ከአክስቴ ጆሮ ጋር አስጠጋችላት፤ እኔንም፣ ልናገር አፌን ከፍቼ ሳለ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ግቢ አወጣችኝ።