ሦስት ቀን ለአዲጋላ

«ሦስት ቀን ተፈቅዶልሃል፤ እግዜር ያጥናህ» አለኝ አለቃዬ ዛሬ ጠዋት። እናቴ አርፋ ነው።

ጅጅጋ፣ ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ። እሷ አዲጋላ ነበረች። በአንዷ እሁድ ሄዶ መመለስ አይቻልም።

የሠራተኛ ማኅበራችን ቅዳሜም እንድናርፍ ጠይቆ ነበር። አለቃችን «ሁለት ቀን ካረፋችሁ ሰኞ ትሰንፋላችሁ» አለን። (እሱ ራሱ ቅዳሜ ፋብሪካው ደጅ ደርሶ አያውቅም።)

እማዬ በደወልኩ ቁጥር «ቅዳሜን ሰጧችሁ?» ትለኝ ነበር።

«ትንሽ ጠብቂ፣ እማ» እላታለሁ።

ጠበቀች።

አሁን መኪና ውስጥ ነኝ። በሕይወት እያለች ሁለት ቀን የነፈጉኝ ሰዎች ለቀብሯ ሦስት ሰጡኝ።

እናንተስ፣ ቅዳሜያችሁን የሚጠብቅ ማን አላችሁ? ጻፉልኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው።