ቶክ አማቱን «አላውቅም» ያለበት ቀን

ኛጉዋ ረጅም ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ከቁመቷም ይረዝማል። ኢታንግ ገበያ ዓሣ ሸጣ ስትመለስ፣ ስንት እንደሸጠች ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ይሰማል። እኔ ዝም ማለት ስለሚቀናኝ እሷ ሻይ ቤቴ መጥታ ስትቀመጥ ደስ ይለኛል፤ የሁለታችንንም ድርሻ ታወራልኛለች። ይህች ሴት ግን አንድ ሰው ብቅ ሲል ድምፅዋ ይጠፋል። ሻሿን ወደ ግንባሯ ትስብና ጀርባዋን ትሰጣለች። ሰውየው የልጇ የኛኪም ባል ቶክ ነው።

ተጣልተው አይደለም። በኑዌር ወግ አማች አማቱን የሚያከብረው በመራቅ ነው። ፊቷን አያይም፣ ስሟን አይጠራም፣ እሷ ባለችበት አይበላም። እሷም እንደዚያው። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ መነጋገር ይቻላል፤ አብሮ መብላት ግን ያኔም የለም። ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር የሚኖሩት ወጣቶች ነገሩን ላላ አድርገውታል ይባላል። ኛጉዋ አላላችም፤ ቶክም በዚህ በኩል ስሙ እንዲነሣ የሚፈልግ ሰው አይደለም።

ያለፈው ክረምት ባሮ ሞላና የኛጉዋን ጎጆ፣ በቆሎዋን፣ አምስት ፍየሎቿንም ጠርጎ ሄደ። የቶክንም ማሳ አልማረም። የቶክ ጎጆ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ተረፈ፤ መሄጃ ያጣችው ኛጉዋም እዚያው ገባች። አንድ ጎጆ፣ አንድ በር! ጠዋት ቶክ ሊወጣ ሲል ያስላል፤ ኛጉዋ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እሷ ልትወጣ ስትል ታስላለች፤ ቶክ ከአጥሩ ጀርባ ይሄዳል። ነፍሰ ጡሯ ኛኪም መሀል ሆና የአንዱን ቃል ለሌላው ታደርሳለች። «እኛ ቤት ጉንፋን የሌለበት ሰው ሁሉ ያስላል» ብላኝ ነበር።

ከጎርፉ በኋላ ረጂ አልጠፋም። የመጀመሪያዎቹ ባልዲ አመጡ፤ ሁለተኛዎቹም ባልዲ አመጡ፤ ሦስተኛዎቹ ባልዲና ሳሙና። ኛጉዋ ሰባት ባልዲ ደርድራ፣ አራት ሰማያዊና ሦስት ቀይ፣ «ውሃው ሄደብን ብለው አዝነው ይሆን? መልሰን እንድንቀዳው ነው መሰለኝ» አለች። ስጦታ አይናቅም፤ ባልዲ ግን አይዘራም። ኅዳር ላይ ወንዙ ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ትቶ ይሄዳል። እርጥበቱ ሳይጠፋ ዘር ያገኘ እንደሆነ ያለ ዝናብ ያበቅላል። ዐሥር ቀን ካለፈ ግን መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረሃብ ነው። በቶክ ቤት ደግሞ አንድ ፍሬ ዘር አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ድርጅት በዕቃ ፈንታ ብር በእጅ ሊሰጥ ነው ተባለ። መዝጋቢው ሲመጣ ኛኪም ጤና ኬላ ሄዳ ነበር። ኛጉዋ ከጎጆው ውስጥ፣ ቶክ ከጎጆው ጀርባ ሆነው መለሱለት። መዝጋቢው ግድግዳውን በምስክርነት ይዞ ሁለቱን ባንድ ካርድ ጻፋቸው፤ ኛጉዋ አንደኛ፣ ቶክ ሁለተኛ።

ብሩ የሚሰጠው ኢታንግ፣ ሻይ ከምሸጥበት አጥር ጎን ባለው ግቢ ውስጥ ነበር። የመጨረሻው ቀን ነው፤ ዐሥር ሰዓት ላይ መኪኖቹ ተነሥተው ወደ ፑኝዶ ይሄዳሉ። ኛኪም ሆዷ ስለገፋ ቀረች። ሁለቱ አስታራቂ እንደሌላቸው ጠበኞች ቶክ ከፊት፣ ኛጉዋ አምሳ እርምጃ ወደ ኋላ ሆነው መንገድ ጀመሩ። መንገዱ ላይ ጎርፉ የቆፈረው አንድ ጅረት አለ። ቶክ ተሻግሮ ዘወር ሳይል ቆመ። ጥልቁ በየት በኩል እንደሆነ ሊነግራት ፈለገ፤ እንዴት ብሎ! ዳር ላይ አንዲት ላም ሣር ትግጣለች።

«አንቺ ላም» አላት ጮክ ብሎ፣ «በግራ እንዳትገቢ፣ ይውጥሻል። በቀኝ በድንጋዩ ላይ እለፊ።»

ኛጉዋ በቀኝ ተሻገረችና እሷም ወደ ላሟ ዞረች። «ላሜ፣ ለሚያስብልሽ ሰው እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ትንሽ ቀስ ቢል ምን አለበት? አንቺ እኮ ወጣት አይደለሽም።»

ከዚያ በኋላ ቶክ ቀስ ብሎ ሄደ።

ብር የምትሰጠው ልጅ ፈትሂያ ትባላለች። ከጅማ ከመጣች ሁለት ወር አልሞላትም፤ እስክርቢቶዋን እንዳይጠፋ በክር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ተራቸው ሲደርስ ቶክን «አስተርጓሚ ልጥራልህ?» አለችው።

«ለምን? እኔ አማርኛ እችላለሁ። ጋምቤላ ሁለት ዓመት ግንበኛ ነበርኩ» አለ ቶክ ደረቱን ነፍቶ።

«ጎበዝ። ባለፈው ዙር ሰው በሰው ካርድ ስለወሰደ፣ ካርዱ ላይ ያላችሁት ሁለታችሁም መተዋወቃችሁን ማየት አለብኝ። የእኚህ ሴት ስም ማን ነው?»

«ስም አልጠራም።»

«እሺ፣ እያቸውና እሳቸው መሆናቸውን ንገረኝ።»

«አላይም።»

ፈትሂያ እስክርቢቶዋን ጣለች፤ ክሩ ያዘላት። «ወንድሜ፣ ሰልፉን ታየዋለህ? ታውቃቸዋለህ ወይስ አታውቃቸውም?»

ቶክ ከግንባሩ ላብ ጠረገ። አማት እየሰማች ስለ አማት ማውራት ራሱ ነውር ነው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የምታወጣ አንዲት አጭር ቃል ፈለገና አገኘ።

«አላውቅም።»

ፈትሂያ ወደ ኛጉዋ ዞረች። «እናቴ፣ እርስዎስ ይህን ሰው ያውቁታል?» ኛጉዋ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጎትታ ሦስት እርምጃ ከጠረጴዛው ራቀች። ከሰልፉ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «አማቱ ናት እኮ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ከሰልፍ ምስክር አልቀበልም» አለች ፈትሂያ። «ጠዋት ሦስት ሰዎች መጥተው አንዱን ሰው የሦስት ቤት አባወራ ነው ብለው መስክረውልኛል።» ካርዱን «የሚጣራ» ከሚል ማህደር ውስጥ ከተተችው። የሚጣራው ከወር በኋላ ነው። በወር ውስጥ ጭቃው ድንጋይ ይሆናል።

ኛጉዋ እኔ ዘንድ መጥታ ስትቀመጥ ድምፅዋ ተመለሰ። «አሁን ምን ልዘራ ነው ራሂማ? ባልዲ? አንቺም እንደ እሷ ከደጋ የመጣሽ ሐበሻ ነሽ፣ ትሰማሻለች፤ ሂጂና ንገሪያት።»

ተነሣሁ። ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ብርጭቆ አጠብኩና ተቀመጥኩ። ደግሜ ተነሣሁና ስኳሩን ከደንኩ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ለተሰለፈው ሰው ብስኩት ታደለ።

ቶክ ብስኩቱን ይዞ ከኒሟ ዛፍ ጀርባ ሄደ። ዛፏ ቀጭን ናት፣ ቶክ ደግሞ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ክርኑና ጉልበቱ በሁለቱም በኩል ወጥቶ ይታያል። ኛጉዋ ሳታየው ወደዚያችው ጥላ መጣች። ቶክ ጉንጩ እንደሞላ ዘሎ ወደ መኪናው ሮጠ። ኛጉዋ ደንግጣ ብስኩቷን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችና እሷም ልትሸሽ በመኪናው በሌላው በኩል ዞረች። ከኋላ ጎማው ዘንድ ተፋጠጡ። ሁለቱም እኩል አሳሉ። ቶክ መዋጥም መትፋትም አቅቶት ጉንጩን እንደነፋ ወደ ሽንት ቤቱ አጥር በረረ።

ፈትሂያ እኔ ጋ ሻይ እየጠጣች ታያቸው ነበር። «እማማ ራሂማ፣ እነዚህን ሰዎች ምን ነካቸው? ከማያውቁት ሰው እንዲህ ይሸሻል?»

«አማቱ ናት፣ ልጄ» አልኩ። ቀስ ብዬ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«አማቱ ከሆነች ለምን አላውቅም አለ?»

«አማቱ ስለሆነች።»

ፈትሂያ ቶክ ብስኩት በጉንጩ ይዞ ወደሮጠበት አጥር አየችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ አንድ ብስኩት ይዛ ቶክን ጠራችው። «እኚህ እናት ፊት ብላ» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች፤ በላ። ከሰልፉ አንዲት አሮጊት አምጥታ «እኚህስ ፊት?» አለች፤ በላ። ሦስተኛ ኛጉዋን አስጠራች። ኛጉዋ ከአጥሩ ብቅ ከማለቷ ቶክ ብስኩቱን ኪሱ ከትቶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። ፈትሂያም አፏን በማህደሩ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ ካርዱን አውጥታ «አስተያየት» በሚለው ቦታ የጻፈችውን አነበበችልኝ፦ «ዝምድናቸው በብስኩት ተረጋግጧል።»

ብሩን ተቀብለው በቀጥታ ከእኔ ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ነጂብ ሱቅ ሄዱ። ሱቁ ሁለት በር ስላለው ቶክ በቀኙ፣ ኛጉዋ በግራው በር ቆሙ።

«ነጂብ» አለ ቶክ፣ «ሁሉም የበቆሎ ዘር ይሁን።»

«ነጂብ» አለች ኛጉዋ ጣሪያውን እያየች፣ «ማሽላም እንደሚበላ ለሰው ንገር። ፍየል የሌለው ቤት ቤት እንዳልሆነም ንገር።»

«ነጂብ፣ መቆፈሪያ ከሌለ ፍየሏ ትቆፍራለች ወይ በል።»

«ነጂብ፣ ከጎጆው ጣሪያ ስር ማን ላይ እንደሚያንጠባጥብ ጠይቅልኝ። እኔ ላይ ነው!»

ነጂብ ሚዛኑን አስቀመጠ። «ወላሂ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ ወይስ ሬዲዮ?»

ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ብዙ በቆሎ፣ ጥቂት ማሽላ፣ ሁለት ዶማ፣ ለጣሪያው አንድ ሸራ ተገዛ፤ ከገበያው ደግሞ አንዲት ጥቁር እንስት ፍየል። የቀረውን ኛጉዋ ለኛኪም መውለጃ ብላ በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው። ጣሪያ የሚያፈስበት ሸራ፣ ዘር የሌለው ዘር ገዛ፤ ባልዲ የገዛ አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ጭቃው ገና ሲያብረቀርቅ ማሳው ላይ ወረዱ። እንዳይተያዩ ሆነው መዝራት ስለነበረባቸው ከመሀል፣ ራቅ ራቅ ብለው ጀርባ ለጀርባ ጀምረው፣ እሷ ወደ ወንዙ፣ እሱ ወደ ዛፎቹ እየዘሩ ሄዱ። ማታ ሲጨርሱ ማሳው ዘር ጠግቦ ነበር። በሳምንቱ በቆሎው ብቅ ብቅ ሲል ለማየት እኔም ሄድኩ። ከወንዙ በኩል አረንጓዴ፣ ከዛፎቹ በኩል አረንጓዴ። መሀሉ ግን ስድስት እርምጃ ያህል ስፋት ያለው ባዶ ጥቁር ጭቃ፣ በሬ የተኛበት ቦታ መስሎ ቀርቷል። ኛኪም ከዳር ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ለማንም አልተናገረችም። ልጁ ሲወለድ ራሳቸው ይነጋገሩበት ብላ ይሆናል።

ታኅሣሥ መባቻ ላይ ኛኪምን ምጥ ያዛት። በተቋጠረው ብር ባጃጅ ተጠርቶ ጤና ጣቢያ ደረሰች፤ ሴት ልጅ ወለደች። በሳምንቱ ስም ሊወጣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ወጉ ስለተፈታ አማትና አማች ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነጋገራሉ ተብሎ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ቶክ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ እጁን አጣምሮ ቆመ። ምርቃት ነበር የሚጠብቀው። ኛጉዋ ሻሿን ከግንባሯ ከፍ አደረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ያንን ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ድምፅዋን አወጣች።

«ቶክ! መሀሉን ለምን አልዘራኸውም?»

«እናቴ፣ እርስዎ ይዘሩታል ብዬ ነዋ!»

«እኔ? እኔማ አንተን አምኜ!»

ምርቃቱ እስኪጀመር ድረስ ሻዬ ቀዘቀዘ። በማግስቱ ሁለቱ አብረው፣ አሁን ጎን ለጎን፣ እየተከራከሩ ወደ መሀሉ ወረዱ። ለበቆሎ ጊዜው አልፎ ነበርና ዱባ ዘሩበት። የካቲት ላይ በቆሎው ሲሰበሰብ ለእኔም አንድ ዱባ አመጡልኝ። ትልቅ ነው፣ ብቻዬን ማንሣት አልቻልኩም። ቶክ በአንድ በኩል፣ ኛጉዋ በሌላው በኩል ይዘው፣ ማን ቀስ ይበል እየተባባሉ፣ ከጠረጴዛዬ ስር አስገቡልኝ።